ከጥርስ ትል እስከ ዘረመል፦ የአፍ ባክቴሪያዎችን ጥፋተኛ የማለት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአፋችን ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለማጥናት ስለ ተሠሩት የጄኔቲክ መሣሪያዎች ታሪክ ነው። ርእሱ ከጥርስ ሐኪሞችና ከማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች ውጭ ላለ አድማጭ ጠባብ ሊመስል ይችላል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ሰፊ ነው። አንድን በሽታ ያመጣው ይህ ተሕዋስ ነው ብለን በእርግጠኝነት ለመናገር ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልገናል? ለየትኛው በሽታስ ነው ያን ማስረጃ ለመሰብሰብ የተደከመው? ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ የሚያቀና ሰው መፋቂያ በጥቅል ይዞ የሚሸጥ ልጅ ማግኘቱ አይቀርም። ጥርስን በእንጨት መፋቅ በዚህች አገር ከማይክሮስኮፕ እጅግ የቀደመ ልማድ ነው። በ1978 ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ መፋቂያ በኢትዮጵያ ተማሪ ቤት ልጆች ዘንድ ያለውን ብቃት ፈትኖ በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትሟል። ልማዱ መልካም ነው። ስለ በሽታው ምክንያት የነበረን እምነት ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ጥርስ ሲቦረቦር «ትል በላው» እንላለን። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ባቢሎናውያንም የጥርስን ሕመም ለትል ሰጥተው በሸክላ ጽላት ጽፈዋል።

እምነቱ በአባባል ቢቀር ኖሮ ባልጠቀስሁት ነበር። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ አብጦ ሲታይ፣ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ «ትል» ተብሎ ተሰንጥቆ ይወጣል። በ1994 ሆላንና ማምበር የተባሉ የጥርስ ሐኪሞች ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ላይ ይህንኑ ድርጊትና በቋሚ ጥርሶቻቸው ላይ ያስከተለውን ጉዳት መዝግበው አሳትመዋል። ያልበሰለ የጥርስ ቡቃያ ነጭና ለስላሳ ነው፤ በጨርቅ ላይ ሲያስቀምጡት ትል ይመስላል። እናቲቱ በዓይኗ ያየችው ነገር አለ፤ ያልነበረው ያየችውን ነገር ከበሽታው ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የንግግሬ ማዕከል እርሱ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ጎረቤታችን ስለ ሆነ በሕግ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ በወንጀሉ ቦታ መገኘት ብቻውን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም።

በአፍ ውስጥ ያሉትን «ተከሳሾች» መጀመሪያ ያየው የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። በመስከረም 1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ ከጥርሱ መካከል ፍቆ ባወጣው ነጭ ነገር ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ያያቸውን ጥቃቅን ሕያዋን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ማንም ከጥርስ መበስበስ ጋር በሚገባ አላገናኛቸውም። በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር በ1890 በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ ባክቴሪያዎች ከምግብ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ አስረዳ። ሚለር አንድን ባክቴሪያ ለይቶ አልከሰሰም፤ ሁሉም በጋራ ያደርጉታል አለ። በ1924 ለንደን ውስጥ ኪሊያን ክላርክ ከበሰበሱ ጥርሶች አንድ ሞላላ ስትሬፕቶኮከስ አገኘ። ቅርጹን የተለወጠ ስለ መሰለው «ሙታንስ» ሲል ሰየመው። ስያሜው ቀርቶ ባክቴሪያው ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ተረሳ። እንዲህ ያለ መረሳት በሳይንስ ታሪክ ብርቅ አይደለም፤ ክላርክ ተከሳሽ አቀረበ እንጂ ጥፋቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም።

መንገዱ የተከፈተው በእንስሳት ነው። በ1954 ኦርላንድና ባልደረቦቹ ከማንኛውም ተሕዋስ ነጻ በሆነ ቤት ያደጉ አይጦች በስኳር የበለጸገ ምግብ ቢበሉም ጥርሳቸው እንደማይበሰብስ አሳዩ። ስኳር ያለ ባክቴሪያ ጥርስ አያበሰብስም ማለት ነው። በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 1946 ዓ.ም.፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ሁለቱን ክስተቶች የሚያገናኛቸው ምንም የለም፤ እኔ ግን ለተማሪዎቼ ዘወትር አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ። ምርምሩ ስኳርና ባክቴሪያ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ባሳየበት ዓመት፣ ስኳር በአገራችን በፋብሪካ መመረት ጀመረ።

ከኦርላንድ ስድስት ዓመት በኋላ ፊትዝጄራልድና ኪዝ ያደረጉት ሙከራ በእኔ አስተያየት በአፍ ባክቴሪያዎች ጥናት የመጀመሪያው የጄኔቲክ መሣሪያ ነው፤ ምንም እንኳ እነርሱ በዚህ ስም ባይጠሩትም። ከሐምስተር የበሰበሰ ጥርስ ስትሬፕቶኮከስ ወሰዱ። ከእርሱም ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የማይገድለውን ለውጠ ዘር መረጡ። ያንን ጥርሳቸው በማይበሰብስ ሐምስተሮች አፍ ውስጥ ጨመሩ። ጥርሳቸው ሲበሰብስ ናሙና ወስደው መድኃኒቱ ባለበት ምግብ ላይ ቢዘሩት፣ የበቀለው ያው እነርሱ ያስገቡት ሆነ። መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ እንደ ከብት ማተብ ሆኖ አገለገለ። ባለ ከብት ከመንጋ መካከል የራሱን እንደሚለይ፣ እነርሱም ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል የራሳቸውን ለዩ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ማተብ ይዘው ነው የሚሠሩት።

ማተቡን በፈለጉት ቦታ ለማሰር ግን ወደ ባክቴሪያው ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ማስገባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በ1928 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የሞተ አደገኛ ኒሞኮከስ ሕያው የሆነውን የዋህ ኒሞኮከስ ወደ አደገኛነት እንደሚለውጠው አየ። በ1944 ኤቨሪ፣ ማክላውድና ማካርቲ ኒው ዮርክ ላይ ለዋጩ ነገር ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አረጋገጡ። ይህን ታሪክ ማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ ያውቃል። የሚዘነጋው ኒሞኮከስ የት እንደሚኖር ነው። መኖሪያው አፍንጫና ጉሮሮ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ ስትሬፕቶኮከስ ሚቲስ ደግሞ በሁላችን አፍ ውስጥ አለ። የዘር መልእክት ተሸካሚው ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን ያስተማረን የዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነው። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት የክሪስፐር መቀስም መጀመሪያ የተወሰደው ከስትሬፕቶኮከስ ፒዮጂንስ፣ ማለትም ጉሮሯችንን ከሚያሳምመው ባክቴሪያ ነው። አፍን እንደ ሳይንስ ጓሮ ማየት የለብንም የምለው ስለዚህ ነው።

ወደ ሙታንስ እንመለስ። በ1981 ፔሪና ኩራሚትሱ ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ከውጭ ዲ.ኤን.ኤ. ተቀብሎ ባሕርዩን እንደሚለውጥ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። ስኳርን ወደ ሚያጣብቅ ሙጫ የሚለውጡት ዘረመሎች አንድ በአንድ ተለይተው ወጡ፣ ተሰበሩ። በ1993 የታተመ ሥራ እነዚህ የተሰበሩባቸው ባክቴሪያዎች በአይጥ ላይ በጥርስ ለስላሳ ገጽ የሚያደርሱት ጉዳት እንደሚቀንስ አሳየ። በ2002 የሙታንስ ሙሉ ጂኖም ተነበበ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላትና ሁለት ሺህ ያህል ዘረመሎች አሉት።

በዚህ መካከል፣ በ1988፣ ስታንሊ ፋልኮ የሮበርት ኮክን የጥንት ሕግጋት ለዘረመል ዘመን አሻሽሎ ጻፈ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ዘረመል ለበሽታ ምክንያት ነው ከተባለ፣ ሲነቀል በሽታው መቀነስ አለበት፤ ዘረመሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ በሽታ የማምጣት ኃይሉም መመለስ አለበት። ተማሪዎች ሁለተኛውን ክፍል ቸል ይላሉ። ዘረመል ስትነቅሉ ጎረቤቱን ልታበላሹ ትችላላችሁ። መልሳችሁ ተክላችሁ ባሕርዩ ሲመለስ ካላያችሁ፣ ማስረጃው ጎደሎ ነው። «ትል» አውጥቶ ሕፃኑ ዳነ ከሚለው ክርክር የሚለየን ይህ መልሶ የመትከል እርምጃ ነው።

ከስትሬፕቶኮከስ ወደ ድድ በሽታ ባክቴሪያዎች ሲሻገሩ ነገሩ ከበደ። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ይገድላቸዋል። በሌሎች ባክቴሪያዎች ላይ ማተብ ሆነው የሚያገለግሉት ካናማይሲንና ጄንታማይሲን እዚህ አይሠሩም፤ ኦክሲጅን የማይፈልግ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ይቋቋማቸዋልና። ከሌላ ባክቴሪያ የመጣ ዘረመልም ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ የመነሻ ምልክቶቹ ቋንቋ የተለየ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ባክቴሪያው ባዕድ ዲ.ኤን.ኤ. ሲገባ የሚቆራርጥ የራሱ ዘበኛ አለው። መፍትሔው ከዘመድ መበደር ሆነ። በአንጀት ውስጥ ከሚኖረው ባክቴሮይድስ ኤሪትሮማይሲንን የሚቋቋም ዘረመል ተወሰደ፤ ኢ. ኮላይ በግንኙነት እንዲያስተላልፈው ተደረገ። ጃፓናዊው ናካያማና ባልደረቦቹ በ1995 ሁለቱን አርጂንጂፔይን የተባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ዘረመል በአንድ ባክቴሪያ ላይ መስበር የቻሉት በእንዲህ ዓይነት ማተብ ነው። በ1996 ደግሞ ያው ኩራሚትሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ ትሬፖኔማ ዴንቲኮላ በተባለው ጥምዝ ባክቴሪያ ውስጥ የመንቀሳቀሻውን ጅራፍ ዘረመል ሰበረ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የፉሶባክቴሪየም ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ሱዛን ኪንደር ሄክ ከውጭ የመጣ መሣሪያ እሺ አልል ሲላት ወደ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ዞረች። ከሕሙማን አፍ ከተሰበሰቡ የፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ስትሬይኖች ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ትናንሽ ፕላዝሚዶችን ፈለገች። አንዱን ከኢ. ኮላይ ፕላዝሚድ ጋር አዋሕዳ በሁለቱም ውስጥ መኖር የሚችል መጓጓዣ ሠራች፤ ውጤቱ በ2000 ታተመ። ባክቴሪያው የራሱን ፕላዝሚድ እንደ ባዕድ አይቆጥርም። ቁልፉ በቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ቁልፉን ለማግኘት ግን ቤቱን፣ ማለትም ሕያው ስትሬይኑን በእጅ መያዝ ግድ ነበር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የሰው አፍ ባክቴሪያዎች የመረጃ ቋት ሰባት መቶ ያህል ዝርያዎችን ይዘረዝራል። ከእነርሱ መካከል በቤተ ሙከራ ያልበቀሉ ብዙ ናቸው። ቲኤም ሰባት የሚባለው ወገን ለረጅም ጊዜ በዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ይታወቅ ነበር። በ2015 ከአንድ አክቲኖማይሲስ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ መሆኑ ታውቆ ከነአስተናጋጁ በቀለ። በ2023 ደግሞ በዚያው ወገን ውስጥ ዘረመል መለወጥ ተቻለ። «አይቻልም» የተባለ ባክቴሪያ ሁሉ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የተዘጋ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልግባ። እስካሁን ያነሣኋቸው በሽታዎች፣ የጥርስ መበስበስና የድድ መሸሽ፣ በዓለም ሁሉ ያሉ ናቸው፤ ገንዘብ ባላቸው አገሮችም ሕክምና የሚከፈልባቸው ናቸው። ኖማ ግን እንዲህ አይደለም። ኖማ በድድ ቁስለት ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርን፣ አንዳንዴም አፍንጫንና የመንጋጋን አጥንት ይበላል። በአብዛኛው የሚይዘው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ የመሰለ በሽታ ገና የተነሡ ሕፃናትን ነው። ካልታከመ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 በዓመት 140,000 አዳዲስ ሕሙማን እንደሚኖሩ ገምቶ ነበር። በታኅሣሥ 2023 ድርጅቱ ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገባው። ችላ መባሉን በይፋ ለማወቅ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ።

ኖማ የአፍሪካ በሽታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በአውሮፓም እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የታወቀ እንደ ነበር፣ ኑሮ ሲሻሻልም እንደ ጠፋ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በአውሽቪትዝ ካምፕ በሮማ ሕፃናት ላይ እንደ ገና እንደ ታየ ያስታውስ። ረኃብ በገባበት ይገባል። በአገራችን ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር የተባሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ፊታቸው በኖማ የተጎዳ ወገኖችን ከሩቅ ገጠር ወደ አዲስ አበባ እያመጡ የመልሶ መጠገን ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ታዲያ በኖማ ጥፋተኛው ማን ነው? በ1990ዎቹ ናይጄርያ ውስጥ ኤንዎንውና ባልደረቦቹ ከቁስሉ ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም አበቀሉ፤ ይህ ባክቴሪያ በከብቶች ላይ ሥጋ የሚያበሰብስ መሆኑ ስለሚታወቅ ክሱ ጠነከረ። በ2002 ፓስተር የተባለው ተመራማሪ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ሆኖ በአራት ናይጄርያውያን ሕፃናት ቁስል ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. ያለ ማብቀል አነበበ። ስድሳ ሰባት ዝርያዎች ተገኙ፤ ከእነርሱም ሃያ አምስቱ ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራ በቅለው የማያውቁ ነበሩ። ኔክሮፎረም በዚያ ዝርዝር አልተገኘም። ከዚያም በኒጀር የተደረገ ጥናት ሌሎችን፣ በተለይም ፕሪቮቴላ ኢንተርሚዲያን አነሣ።

ዝርዝር አለን፤ ማስረጃ የለንም። ለጥርስ መበስበስ ከሚለር ወደ ክላርክ፣ ከክላርክ ወደ ፊትዝጄራልድ፣ ከዚያም ወደ ኩራሚትሱ የሄደው መንገድ ለኖማ የቆመው በክላርክ ዘመን ላይ ነው። ነቅሎ መልሶ የተከለ የለም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ምን ያደርጋል? ኖማን የሚያጠፋው እንጀራና የኩፍኝ ክትባት ነው» ይሉኛል። የሚሉት እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተራ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ የአፍ ማጠቢያና የተሻለ ምግብ እንደሚያድንም እናውቃለን። ነገር ግን ከመቶ የተራቡ ሕፃናት መካከል አንዱን ብቻ የሚመርጠው ምንድን ነው? የድድ ቁስለት ከያዛቸው መካከል የትኛው በሚቀጥለው ሳምንት ጉንጩን እንደሚያጣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚነግራት ምልክት አለ ወይ? ይህን እንጀራ አይመልስም። የሚመልሰው በቁስሉ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ነው።

ችግሩ የጊዜ ነው። ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሚደርሰው ሰው ከበሽታው የተረፈ ነው፤ ቁስሉ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ጠባሳ ምስክር አይሆንም፤ ባክቴሪያዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ናሙናው መወሰድ ያለበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ በጤና ኬላ ነው። እዚያ የተወሰደ ናሙና በተለመደው ጥጥ ላይ ሆኖ በመኪና ሲመጣ ኦክሲጅን የማይወዱት ሁሉ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ከከተማ የሚደርሰው ሬሳ ነው። ከሬሳ ዲ.ኤን.ኤ. ይነበባል፤ ዝርዝርም ይወጣል፤ ዝርዝሩም በጥሩ መጽሔት ይታተማል። ፕላዝሚድ ያለው ሕያው ስትሬይን ግን ከዚያ አይገኝም። የሄክን መንገድ መከተል የፈለገ ሰው ከጅምሩ ተዘግቶበታል።

በዚሁ ከተማ የሚጠቀስ ምሳሌ አለን። የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም በ1970 በዘነበወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ሲቋቋም የሚያጠናው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ የማይበቅል ነበር፤ ዛሬም አይበቅልም። ሃንሰን በ1873 ያየው ባክቴሪያ ጂኖሙ በ2001 ተነበበ፤ ዘረመሉን የሚነቅል ግን የለም። ተቋሙ ግን ከሕሙማኑ አጠገብ ስለ ተሠራ ናሙናውና ጥያቄው አልተለያዩም። ለኖማ የሚያስፈልገው የቦታ ምርጫ እንዲህ ያለ ነው፤ ልዩነቱ የኖማ ተጠርጣሪዎች ብዙዎቹ መብቀላቸው ነው። ሥራችን ከሥጋ ደዌ ይቀላል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ ዝግጁ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አርክቦትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብት ከአገር ሲወጣ ፈቃድንና የጥቅም መጋራትን ይጠይቃል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ዓ.ም. ልውጠ ሕያዋን ላይ የሚሠራን ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል። ተማሪዎቼ ሕጎቹን እንደ እንቅፋት ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላያቸውም። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠብቀው በእጃችን ያለውን ነው። በሕይወት ያላቆየነውን ስትሬይን በሕግ ልንጠብቀው አንችልም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ በመሣሪያ ብዛት የሚያስፈራ አይደለም። ኦክሲጅን የሌለበት የማጓጓዣ ምግብ የያዙ ጠርሙሶች፣ ለጤና ኬላ ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ያለው ጥልቅ ማቀዝቀዣ፣ ቅኝት የሚመዘግብ አንድ ትጉህ ሰው። ፕላዝሚድ ፍለጋው ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። ዘረመል ነቀላው ለዶክትሬት ይሁን። መልሶ መትከሉን ያልጨረሰ ተማሪ ግን እኔ ፈታኝ ከሆንሁ አያልፍም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ከተቀመጡት ተማሪዎች እንጀምር።